ኦፕራሲዮን ክፍል ደጃፍ ለሚጠብቀው ቤተሰብም አንድ ሰው ብቅ ይበልለት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። በሐኪሞቹ እጅ ቅሬታ የለኝም። አባባ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ድኖልናል፣ ፈጣሪ ውለታቸውን ይክፈላቸው። የምጽፈው በሩ ሲዘጋ ውጭ ስለምንቀረው ሰዎች ነው። ቤተሰብ ሲጠብቅ ውስጥ ምን ላይ እንደተደረሰ ወጥቶ የሚነግረው ሰው ይመደብለት። የምጠይቀው ይህንን ነው።

አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ፕሮስቴቱ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ አብጦ ሽንት ከልክሎት ቱቦ ተደርጎለት ከረመ። በስንት ጥበቃ ተራው ደረሰና አንድ ቀን ጠዋት ገባ። እናቴ፣ እኔና ወንድሞቼ፣ ከመልካ ጀብዱ የመጣችው አክስቴ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ሁላችንም ደጁ ላይ ነበርን። ወንበር ያገኘ ተቀመጠ፣ ያላገኘ ነጠላውን አንጥፎ ወለሉ ላይ አረፍ አለ። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ረፋዱ ላይ ጥላው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ፔርሙዙንና ፌስታሉን ይዞ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ይዞራል። ሙቀቱንም ወለሉንም እንችለዋለን፣ አቦ! ያቃተን ምንም አለማወቃችን ነው።

በሩ ይከፈታል እኮ። ግን የሚከፈተው ከእኛ የሚፈለግ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። «የእገሌ አስታማሚ! ይሄን ከውጭ ግዙ።» ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ በባጃጅ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ደም የሚሰጥ ሰው ይዛችኋል?» ተባልን። ለምን? ብዙ ደም ፈሰሰው እንዴ? ብለን ሳንጨርስ በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እናቴን ማን ያረጋጋት! ፕሮስቴት ደም በብዛት የሚያገኝ ቦታ ስለሆነ፣ በታችኛው ሆድ በኩል ተከፍቶ ሲወጣ ደም አስቀድሞ ማዘጋጀት የተለመደ መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው። ለጥንቃቄ ነበር የጠየቁን። ያኔውኑ «ለጥንቃቄ ነው» ቢሉን ምን ነበረበት?

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። ቤተሰብ የሚቆጥረው አልጋው በሩን ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ሐኪሙ «ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው» ሲል ግን ስለ ኦፕራሲዮኑ ብቻ ነው የሚናገረው። ከፊት ያለው ታካሚ እስኪወጣ፣ ክፍሉ እስኪጸዳ፣ ማደንዘዣው ተሰጥቶ እስኪይዝ ድረስ ያለው ጊዜ እዚያ ውስጥ የለም። ካለቀ በኋላም ታካሚው ወዲያው አይወጣም፤ ትንፋሹና የደም ግፊቱ እስኪረጋጋ ማገገሚያ ክፍል ይቆያል። ይህንን ማንም ያልነገረው ቤተሰብ የተባለው ሰዓት ሲያልፍበት ወዴት እንደሚያስብ ገምቱት። ስልኩ ደግሞ ዝም አይልም። ከአዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ፣ ከየት ከየት ይደወላል። «ወጣ ወይ?» ምን ብለን እንመልስ?

እኛ ክፉ ወሬ በቁሙ የሚነገረን ሰዎች አይደለንም። መርዶ ሽማግሌ ተይዞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሟት ነው» ይባላል። ይህ ሁላችንም ያደግንበት ነገር ስለሆነ ሰው ዝም ሲለን የምንጠረጥረው የተደበቀ ነገር እንዳለ ነው፣ እና እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን የወጣ የገባውን ፊት ስናነብ ነው የምንውለው። ነርሷ አቀርቅራ ካለፈች ነገር አለ። ጥበቃው «አይዟችሁ» ካለን፣ ምን አይቶ ነው አይዟችሁ ያለን? አንዲት ሲስተር ለማለፍ ብላ የእናቴን ትከሻ ነካ ስታደርጋት እናቴ ልታረዳት የመጣች መስሏት ለቅሶ ጀመረች። ልጅቷ ራሷ ደንግጣ ቆመች፣ እሷ ምን ታድርግ!

አጠገባችን ደግሞ ከሽንሌ የመጡ እናት ነበሩ። ከሶማሊኛ ሌላ አይሰሙም። በአማርኛ ሲጠሩ እሳቸውን መሆኑንም አላወቁም። ሻይ ይዛ የምትዞር ልጅ ናት የተረጎመችላቸው። ድሬ ውስጥ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሶማሊኛውንም እንደ ውሃ የሚጠጣ ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል። እንዲህ ዓይነት ልጅ አንድ ጋውን ለብሶ እዚያ በር ላይ ቢቆም የስንቱን ጭንቀት ያቀልል ነበር።

ነርሶቹ ሥራ እንደበዛባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። በእነሱ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመር አላልኩም። የታካሚ ቅብብሎሽንና አልጋን የሚያስተባብረው ሊያዞን ክፍል ሊሠራው ይችላል፣ አልጋ የሚገፋው ልጅም ይችላል። መቼ መቼ ይውጣ ለሚለውም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ቅጽ አለ። የቀዶ ሕክምናው ቡድን ከማደንዘዣው በፊት፣ ከመቅደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ የታካሚውን ማንነት፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የመርፌውንና የጨርቁን ቆጠራ ያረጋግጥበታል። የብዙ ሰው ሕይወት የሚተርፍበት ቅጽ ነው። ለቤተሰብ ስለመናገር ግን ከ19ኙ አንድም ነጥብ የለውም። በእነዚያው ሦስት ጊዜያት አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ማደንዘዣ ሊሰጠው ነው»፣ «ተጀምሯል»፣ «አልቋል፣ ማገገሚያ ክፍል ሊገባ ነው» ቢል በቂ ነው። የሕመሙን ዝርዝር ይተውት፣ እሱ የሐኪሙ ድርሻ ነው። ክፉ ነገር ካለም ሐኪሙ ራሱ ቤተሰቡን ለብቻው አስቀምጦ ይንገር እንጂ በር ላይ ቆሞ አይሁን።

እንደሚቻል ደግሞ አይቻለሁ። ወደ ማታ አንድ ወጣት ሐኪም የኦፕራሲዮን ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ ወጣና እናቴ ፊት ቁጢጥ ብሎ በኦሮምኛ አናገራት። ሥራው አልቋል፣ ደሙ ቆሟል፣ ነቅቶ ስለ አንቺ ጠይቋል አላት። ሲነጋ ጀምሮ እህል አልቀምስ ያለችው ሴትዮ ያኔ ነው የመጣላትን ፈጢራ የቆረሰችው። ያንን ልጅ መቼም አልረሳውም። ግን የአንድ ሐኪም ደግነት ሆኖ መቅረት የለበትም፣ የሁሉም ቤተሰብ መብት ይሁን ነው የምለው።

እስከዚያው ድረስ ደጁ ላይ ለምትጠብቁ ወንድም እህቶቼ፦ ፈርሙ ስትባሉ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ከማገገሚያው ጋር እስከ ስንት ሰዓት ሊቆይ ይችላል? ደም ያስፈልገዋል ወይ፣ ከአሁኑ ሰው እናዘጋጅ? ሲያልቅ ማን ነው የሚነግረን? የአንዳችሁን ስልክ ቁጥር ካርዱ ላይ አስጽፉ። ዘመድ የሚደውልለት ደግሞ ሌላ ሰው ይሁን፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክ ለሆስፒታሉ ክፍት ይቆይ።

የከተማችን ጤና ቢሮ ይህን ካነበበ በየሆስፒታሉ ለዚህ ሥራ ሰው መመደብ ይቻል እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ ላይ እንዲመልስልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ