«ንባብ በቃኝ» ላለችው እናቴ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ባለፈው ስንደዋወል «ያነበብኩት አይያዝልኝም፤ ገጹን ስገልጥ ያለፈው ይጠፋኛል፤ ከእንግዲህ ንባብ በቃኝ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። በስልክ የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ልሞግትሽ ነው። የምሞግትሽም ሰሞኑን እጄ በገቡ ልብ ወለዶች ነው። ምናባዊም አለበት፣ ሳይንሳዊም አለበት፣ አንቺ ሌሊቱን ስታነጊበት የኖርሽው የወንጀል ምርመራም አለበት። ደራሲዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ግን በየፊናቸው ስለሚረሱና ስለሚያስታውሱ ሰዎች ነው የጻፉት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

ከ«ፒራኔዚ» ልጀምር። የእንግሊዛዊቷ የሱዛና ክላርክ ድርሰት ነው፤ በ2020 ታትሞ በማግስቱ ዓመት ለሴት ደራሲያን የሚሰጠውን ታላቁን የልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ማለቂያ በሌለው ቤት ውስጥ ይካሄዳል። አዳራሽ ከአዳራሽ ይቀጥላል፤ ግድግዳው ሁሉ ሐውልት ነው፤ ምድር ቤቱን ባሕር ይሞላዋል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ደመና ይመላለሳል። እዚያ የሚኖረው ሰው ዓለም ማለት ይኸው ቤት ነው ብሎ ያምናል። ማን እንደነበረ አያውቅም፤ የጎደለው ነገር መኖሩም አይታወቀውም። ቢሆንም በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ማዕበሉ መቼ እንደሚነሣ ያሰላል። ዘመኑን እንኳ በቁጥር አይጠራም፤ «አልባትሮስ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዳራሾች የመጣበት ዓመት» ይለዋል። አልባትሮስ ያ ክንፈ ረጅሙ የባሕር ወፍ ነው።

አንድ ቦታ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ተቀመጥኩ። ወፉና እንስቷ ጎጆ የሚሠሩበት ነገር ያጣሉ። ሰውየው ደግሞ ለብርዱ ጊዜ ማገዶ ብሎ ያደረቀው የባሕር አረም አለው። ከዚያ ላይ ቢሰጣቸው ስንት ቀን እንደሚበርደው ያሰላል፤ አንድ አዲስ አልባትሮስ ወደ ዓለም ከሚመጣ እኔ ጥቂት ቀን ብበርድ ምን አለበት ብሎ ተሸክሞ ያቀብላቸዋል። በቤቱ ውስጥ የማያውቃቸው ሙታን አፅምም አለ። ሰው እንዳይጎድልባቸው ብሎ እየዞረ ይጎበኛቸዋል፤ ምግብና ውኃ ያቀርብላቸዋል፣ አበባ ያኖርላቸዋል። ኋላ የራሱን የድሮ ማስታወሻ ሲያገላብጥ በገዛ እጁ የተጻፈና ጨርሶ የማያስታውሰው ነገር ያገኛል። የተቀደዱትን ገጾች ቁርጥራጭ ደግሞ ከወፎች ጎጆ ውስጥ እየለቀመ ይገጣጥማል። መርማሪውም እሱ፣ የጠፋውም ሰው እሱ ነው።

ስሙን ተነጥቆ ደግነቱ ግን አብሮት ቆይቷል። ይህን ሳነብ አንቺን ነበር የማስበው፣ እማዬ። ባለፈው የጎረቤትሽን ልጅ ስም ረሳሁት ብለሽ እንዴት እንደተብሰለሰልሽ ትዝ አለኝ። ስሙ ይጥፋሽ እንጂ ፈተናው እንዴት ሆነለት ብለሽ የጠየቅሽኝ በዚያው ስልክ ነው። ክላርክ ራሷ በ2004 ከታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በኋላ ለዓመታት ሕመም ከቤት አውሏት ነበር፤ «ፒራኔዚ» ሁለተኛ ረጅም ልብ ወለዷ ነው። ቤት የዋለ ሰው ጸጥታ በየገጹ ይሰማል፤ ግን ማጉረምረም የለበትም።

የአሜሪካዊው የአንዲ ዊር «ፕሮጀክት ሄል ሜሪ» (2021) ደግሞ ገና ከመነሻው መርሳት ነው። አንድ ሰው ከረጅም እንቅልፍ ይነቃል። ኮምፒውተር «ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው?» ይለዋል፤ አፉ አልታዘዝ ይለዋል። ስሙ ጠፍቶበታል፤ አጠገቡ ሁለት ሬሳ ተኝቷል። የሳይንስ አስተማሪ እንደነበር፣ የፀሐይን ብርሃን እየበላ የሚያደበዝዝ ረቂቅ ሕዋስ እንደተነሣ፣ እሱም መላ ፍለጋ ታው ሴቲ ወደተባለ ኮከብ እንደተላከ ትዝታው የሚመለስለት ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። ታው ሴቲ በእውን ያለ ኮከብ ነው፤ ከእኛ 12 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል።

ሳይንሱ ብዙ ነው፤ ስሌት የበዛበትን ገጽ ያለ ሐሳብ ዝለይው፣ አይጎድልብሽም። ሰዎቹም ትንሽ ሳሱብኝ፤ ከዋናው ሰው በቀር ሥጋና ደም ያላቸው አይመስሉም። ግን ሮኪ የሚባል አለልሽ። ከሌላ ኮከብ ለዚያው ችግር የመጣ ፍጡር ነው፤ አምስት እግር አለው፣ ገላው ድንጋይ ይመስላል፣ ዓይን የለውም፣ ሲናገር ድምፁ የሙዚቃ ቅንጅት ነው። ወገኖቹ አንዴ ከተኙ እንቅልፋቸው እስኪያበቃ መንቃት አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሮኪ ሰውየውንም «ተኛ፤ እጠብቅሃለሁ» ይለዋል። ሰውየው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፤ እያደር ግን ጠባቂው ሲኖር እንቅልፉ ይለመልማል። በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ ወንበር ስበሽ አጠገቤ ታድሪ የነበረው መጣብኝ። የስንት ዓመት ልጅ እንደነበርኩ አላውቅም፤ የወንበሩን ሲጥታ ግን እስከዛሬ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺው ሜዳ ልምጣ። ሪቻርድ ኦስማን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቅራቢ ነበር። እናቱ የምትኖርበትን የጡረተኞች መንደር ሲጎበኝ ነው ሐሳቡ የመጣለት፤ በ2020 «ዘ ተርስዴይ መርደር ክለብ»ን አወጣ። አራት ጡረተኞች በየሐሙሱ እየተሰበሰቡ ፖሊስ ያልፈታቸውን የድሮ ግድያዎች ይመረምራሉ። ኤልዛቤት የቀድሞ ሰላይ ናት፤ ጆይስ ነርስ ነበረች፤ ኢብራሂም የአእምሮ ሐኪም፣ ሮን የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበሩ። ከዚያ ከመንደራቸው ግንባታ ጋር ንክኪ ያለው ሰው ይገደልና የእውነት ምርመራ እጃቸው ይገባል። ሰዎች አሮጌ ናቸው ብለው ይንቋቸዋል፤ እነሱም ንቀቱን እንደ መግቢያ ወረቀት ይጠቀሙበታል። ማንም አያስተውላቸውምና ሁሉም ሰው ፊታቸው ይናገራል።

አንድ ትንሽ ነገር ልንገርሽ። ኤልዛቤት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ቀን ለራሷ ጥያቄ ትጽፋለች፤ ለምሳሌ የአንዲት ሴት አዲስ መኪና ሰሌዳ ቁጥር ስንት ነው ብላ። ቀኑ ሲደርስ ትገልጠዋለች፤ መልሱን ካወቀች አእምሮዋ እንዳለ ነው ማለት ነው። ያቺ ማንንም የማትፈራ ሴት የምትፈራው ይህን ነው። ባሏ እስቲፈን ቀስ በቀስ እየረሳ ነውና የሚመጣውን ታውቀዋለች። እሱ ግን ቼዝ ፊት ሲቀመጥ ሌላ ሰው ነው። ማኅበሩን ከእሷ ጋር የመሠረተችው ፔኒ ደግሞ የቀድሞ ፖሊስ ናት፤ አሁን ራሷን ስታ አልጋ ላይ ነች። ኤልዛቤት እየሄደች የምርመራውን ወሬ ታወራላታለች፤ ፔኒ ትስማ አትስማ የሚያውቅ የለም። ደራሲው ይህን ሲጽፍ ከንፈር አይመጥም። ሳቁ ሳቅ ነው፣ ሐዘኑም ሐዘን ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም። የእስቲፈን ነገር በ2023 በወጣው በአራተኛው መጽሐፍ፣ በ«ዘ ላስት ዴቭል ቱ ዳይ»፣ ይከብዳል። እሱን አብረን እስክንሆን አቆዪው፤ ብቻሽን እንድታነቢው አልፈልግም።

የምሞግትሽ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ድሮም የሚረሳ አንባቢን አስቦ የተሠራ ነገር ነው። መርማሪው ለምን ሁልጊዜ ረዳት አለው? ረዳቱ «እስቲ እንደገና ንገረኝ፤ ማን የት ነበር?» እንዲልልን ነው። ሴራው በተወሳሰበ ቁጥር ደራሲው ቆም ብሎ ያስታውሰናል። በኦስማን መጽሐፍ ይህን የምትሠራው ጆይስ ናት፤ በየመሐሉ በማስታወሻዋ የሆነውን ሁሉ በራሷ አነጋገር ደግማ ታወጋዋለች። ምዕራፎቹም አጫጭር ናቸው። አንዱን አንብበሽ ብታስቀምጪው የሚቀጥለው እጅሽን ይዞ ይመልስሻል። ጤነኛ ነኝ የሚለው ወጣት አንባቢም እኮ በመሐል ገጽ ማን ማን እንደነበር ይጠፋዋል። ደራሲዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው የሚደጋግሙልን።

ይኸው ነገር ወደ ምናባዊ ዓለም ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየሁት በሮበርት ጃክሰን ቤኔት «ዘ ቴይንትድ ካፕ» ነው። በ2024 ወጥቶ በ2025 የሁጎን ሽልማት ወስዷል፤ ሁጎ በሳይንሳዊና በምናባዊ ልብ ወለድ ከሚሰጡት ሽልማቶች ቀንደኛው ነው። በዝናብ ወራት ከባሕር ግዙፍ አውሬ እየወጣ ግንቡን የሚገፋበት ግዛት ነው። አንድ የጦር መኮንን በሰው ቤት ሞቶ ይገኛል፤ የገደለው ከገዛ ሰውነቱ ውስጥ ፈንድቶ የወጣ ዛፍ ነው። መርማሪዋ አና ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ከቤት የማትወጣ አስቸጋሪ አሮጊት ናት፤ በዓይኗ ፈንታ የምትልከው ዲን የሚባለውን ወጣት ነው። ዲን ያየውን ሁሉ እንዳይረሳ ተደርጎ የተሠራ ሰው ነው። ትዝታውን የሚያስቀምጠው በማሽተት ነው፤ ትንንሽ ብልቃጦች ይዞ ይዞራል፣ እያንዳንዱን ሲያሸት የዚያን ሰዓት ነገር ቃል በቃል ይወጣለታል። ፊደል ማንበብ ግን ይቸግረዋል። እንዲህ ሁሉን የሚያስታውስ ሰው ብቻውን ምንም አይፈታም፤ የሚፈታው አናና እሱ ሲነጋገሩ ነው። ከቅርብ ጊዜ ልብ ወለዶች ሁሉ ይበልጥ የረካሁት በዚህ ነው። ፍንጩ በሙሉ ፊትሽ ተዘርግቷል፤ አስማቱም ለማምለጫ አልገባም። ገዳዩን አልነግርሽም።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። በ2023 ብዙ ሰው ያበደበትን የሬቤካ ያሮስን «ፎርዝ ዊንግ»ም አይቼዋለሁ፤ ዘንዶ የሚጋልቡ ወታደሮች ትምህርት ቤት ነው። ፍጥነቱን አደንቃለሁ። ፍቅሩ ግን ዓለሙን ዋጠው፤ ጦርነቱ ለምን እንደሆነ እስከመጨረሻው ግድ አልሰጠኝም። ተዪው።

የካዙኦ ኢሺጉሮ «ክላራ ኤንድ ዘ ሰን» (2021) ግን ሌላ ነው። ሰውየው በ2017 የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን የተሸለመ ነው። ክላራ ለልጆች ጓደኛ እንድትሆን የተሠራች ሮቦት ናት። በሱቅ መስኮት ቆማ ፀሐይን እያየች ገዢ ትጠብቃለች፤ ጆዚ የምትባል የታመመች ልጅ ቤት ትገባለች። የጆዚ እናት ልጇን እንዳታጣ ፈርታ አንድ ሐሳብ አላት፤ ጆዚ ከሞተች ክላራ አነጋገሯን፣ አረማመዷን፣ ልቧን ተምራ እንድትተካት ትፈልጋለች። መጽሐፉን ለጥቂት ቀናት ያቆምኩት እዚህ ነው፤ እናቲቱን መፍረድም ማዘንም አቃተኝ። በመጨረሻ ክላራ የምትደርስበትን ልንገርሽ፤ ይህ መጽሐፍ ፍጻሜውን በማወቅ አይበላሽም። በጆዚ ውስጥ ያለውን ሁሉ ብማር እንኳ አልተካትም ነበር ትላለች፤ ያ ልዩ የሆነው ነገር የነበረው በጆዚ ውስጥ ሳይሆን በሚወዷት ሰዎች ውስጥ ነውና።

እማዬ፣ አንቺ ብትረሺ የአንቺ ነገር እኔ ዘንድ አለ። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። የነገርሽኝን ተረት፣ ያነበብሽልኝን መጽሐፍ፣ መርማሪው ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስቦ ሊናገር ሲል መጽሐፉን ዘግተሽ «አንተ ማን ትላለህ?» ያልሽኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። አንዳንዴ በትክክል ገምቼ እንደሆነ የምትደነቂው መደነቅ ዛሬም ሳነብ ያስቸኩለኛል።

ስለዚህ የኦስማንን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ጎላ ባለ ፊደል የታተመውን ነው ያገኘሁልሽ። ከሽፋኑ ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስምና ማን እንደሆኑ በእጄ ጽፌልሻለሁ፤ ከገዳዩ በስተቀር ምንም አልደበቅሁም። በቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ከፈለግሽ በድምፅ የተነበበውም አለ፤ የሚያነበው ሰው ድምፅ ካልጣመሽ ንገሪኝና ሌላ እንፈልጋለን። ያለፈው ምዕራፍ ቢጠፋሽ ወደኋላ አትመለሺ፤ ጆይስ ትነግርሻለች፤ እሷ ካልነገረችሽ እኔ እነግርሻለሁ። ሁለተኛው ሰው ሲሞት ማንን እንደጠረጠርሽ ጻፊልኝ፤ እኔ በዚያ ቦታ ላይ የጠረጠርኩትን ሰው በወረቀት ጽፌ አሽጌ አስቀምጬዋለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ