ስለዛ የቀይ ቅጠል ፎቶ፣ ከደሴ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም እንዴት ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ሸዋ በር አካባቢ ነው፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ጋዜጣችሁን ሹፌር ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ስለሆነ የሚደርሰኝ አንዳንዴ ቀኑ አልፎበት ነው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበዋለሁ፣ የጨረታውን ሳይቀር። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፣ ዘንድሮ ግን ልጄ ናት ያስገደደችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ስለ ወቅቶች አንድ ገጽ አውጥታችሁ ነበር፣ "መጸው" ብላችሁ ከስሩ ቀይና ብርቱካናማ ቅጠል የረገፈበት መናፈሻ፣ አንዲት ፈረንጅ ኮቷን ለብሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ። ፎቶው ቆንጆ ነው አልክድም። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፣ በዛው ሰሞን መጸውን በስዕል አሳዩ የሚል የቤት ስራ ተሰጥቷት ኖሮ የናንተን ፎቶ ፊቷ ዘርግታ ቀይ እርሳሷ እስኪያልቅ ቅጠል ስትቀባ አመሸች። ከ10 10 አገኘች። ማታ ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "አባዬ የኛ ዛፍ ለምንድነው የማይቀላው፣ ታሞ ነው እንዴ?"

እንደምንም አስረዳኋት። የነሱ ዛፍ በረዶ ሳይመጣበት ቅጠሉን የሚጥል ነው፣ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ያውቀዋል፣ አረንጓዴው ቀለም ከቅጠሉ ሲለቅ ከስር ተደብቆ የነበረው ቢጫ ብቅ ይላል፣ ቀዩን ደግሞ ያኔ ነው የሚሰራው። እኛ ጋ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ቢነጻጸር ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍ፣ ዛፋችን በምን ይወቅ አልኳት። ሰማችኝ ግን አላመነችኝም፣ 10 ከ10 ያገኘ ሰው ማን ያሳምነዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ አምናም እንቁጣጣሽ ላይ "ጸደይ ገባ" ብላችሁ ጽፋችኋል። ጸደይ እኮ በኛ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 የሚወጣው ነው፣ የበልጉ። እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው፣ በ26 መጸው ይገባል፣ ታህሳስ 25 ላይ ለበጋ ያስረክባል። አበባ ስላያችሁ ነው መሰለኝ የፈረንጁን ጸደይ መስከረም ላይ የምታመጡት። የአበባውም ጊዜ ቢሆን የራሱ ስም አለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ህዳር 5 ያለው 40 ቀን ጽጌ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ተኝተን ሌሊቱን ሙሉ ማህሌቱን ከሩቅ እንሰማለን፣ እሱ ሳያልቅ የመስጊዱ አዛን ይቀጥላል።

እንግዲህ የኛ መጸው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጭጋጉ ነው የሚሄደው። ክረምቱን ሙሉ ጦሳ ተራራ አለ ብለህ ካልማልክ በቀር አይታይም፣ ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን ጠዋት የሱቄን በር ስከፍት ተራራው ፊቴ ላይ ተደቅኖ አገኘዋለሁ፣ ሰማዩም ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ደመናው ስለሌለ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ይዞ የሚያቆይ ነገር የለም ሽው ብሎ ያመልጣል፣ በነጋታው ቦሩ ሜዳ በኩል የመጡ ሰዎች ሳሩ ነጭ ሆኖ እንዳደረ ያወራሉ፣ ውርጭ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት መቼስ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ስትደውል በቲሸርት ነኝ ትለኛለች፣ እኔ በሁለት ሹራብ ነው የማወራት፣ ያለነው 25 ኪሎ ሜትር ተራርቀን ነው! በመሀላችን ያለውን የሃረጎን ዳገት ስትወርድ ጃኬት ታወልቃለህ፣ ስትወጣ መልሰህ ትለብሳለህ፣ የባጃጅ ሹፌሮችም እኛ ጋ በላስቲኩ መጋረጃ ተጠቅልለው ነው የሚነዱት።

ስለዚህ በዚህ ወር ሰፈራችን ውስጥ ሰው የሚገኘው በግድግዳ በኩል ነው። ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ስር ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይደረደራሉ፣ ፀሐይዋ ስትዞር እነሱም ይዞራሉ፣ እኔ ሰዓት ሳላይ እነሱን አይቼ ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ሴቶቹ ደግሞ ክረምቱን የታፈነውን ፍራሽና ብርድ ልብስ አጥር ላይ ያሰጣሉ፣ ሰልባጅ ሻጩ ጃኬቶቹን መንገድ ላይ ቆልሎ ይጮሃል፣ በጥቅምት አንድ አጥንት እያሉ ስጋ ቤት በር ላይ የሚቆሙትማ አይጠየቁም። ዋጋውን ጠይቀው የሚመለሱም አሉ፣ እኔ አንዱ ነኝ።

የልጆቹ ጥንቅሽ ነው። ከቃሉ ቆላ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ የማሽላው አገዳ ማለት ነው ጣፋጩ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟ ላይ ጭማቂው ፈሶ፣ ልጣጩ ከንፈሯን ቆርጧት፣ ምጣጩን ደጃፌ ላይ ተፍታው ትገባለች። የባቄላ እሸትም ከነግንዱ ታስሮ ይሸጣል፣ እሱን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስፈለፍል ነው የምውለው ብል ውሸት አይሆንም። አደይ አበባው በጥቅምት መጨረሻ ይደርቅና ጦሳ ስር ሲሮጡ የዋሉት ልጆች ካልሲያቸው ላይ ጭጎጎት ይዘው ይመጣሉ፣ እናቶች በማታ አንድ አንድ እያሉ ሲለቅሙ ያመሻሉ።

ህዳር 12 አለ ደግሞ። ህዳር ሲታጠን፣ በ1911 የህዳር በሽታ ያንን ሁሉ ሰው ከጨረሰ ወዲህ የመጣ ነው ይላሉ፣ ሁሉም ደጃፉን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ያለች ከተማ ስለሆነች ጭሱ መውጫ አጥቶ ከኛው ጋር ያድራል። ድሮ የሚቃጠለው ሳርና ገለባ ነበር፣ አሁን ግማሹ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ እሱን ማጠን ማለት በሽታውን መጥራት ነው እንጂ ማባረር አይመስለኝም፣ ለጎረቤቶቼም ብዬ ብዬ ደክሞኛል። (በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ በጦርነቱ ከተማዋን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ታህሳስ ሆኖ ነበር፣ የዛን ዓመት መጸው እኛ አላየነውም፣ ልጄም ትንሽ ስለነበረች አታስታውስም፣ ባታስታውስ ይሻላል።)

አሁን ወደ ቅጠሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ቅጠል አይረግፍም ማለቴ አይደለም። ባህር ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ያረግፋል፣ የጥቅምት ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌሊቱን ሲዘንብ የሚያድር ይመስላል። ቀለሙ ቀይ አይደለም፣ ቡኒ ሆኖ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ሐምራዊ ነገር አለው፣ ቅርጹ እንደ ማጭድ ቀጭን ነው፣ በእጅህ ስትፈረፍረው እንደ ጉንፋን መድሃኒት ይሸትሃል። ከቤታችን ጀርባ ባለው ዳገት ላይ ይከመራል።

ግን አይቆይም። ጎረቤታችን እማማ እንጀራ ጋግረው ነው የሚተዳደሩት፣ ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አስረው፣ የዛፍ ቅርንጫፍ መጥረጊያቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ናቸው፣ ከሳቸው ጋር ሁለት ሶስት ሴቶችም አሉ፣ ድንበር አላቸው፣ የኔ እስከዚች ዛፍ ነው የሚባባሉበት፣ አንዷ ካለፈች ጸብ ነው። ጠርገው ጠርገው ማዳበሪያ ውስጥ በእግራቸው እየረገጡ ይሞላሉ፣ ጀርባቸው ላይ ሲያዝሉት ከሴቶቹ ማዳበሪያው ይበልጣል። አንድ ቀን እታለም ምነው ኤሌክትሪክ ምጣድ አይገዙም አልኳቸው፣ "አንተ መብራቱን አምጣልኝና እገዛለሁ" አሉኝ፣ ዝም አልኩ። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ምጣዱ ስር ስትጨምረው ቦግ ይላል ከዛ ወዲያው እፍፍ ነው፣ ስለዚህ በአንድ እጃቸው ሊጡን እያዞሩ በሌላው ቅጠል ይወረውራሉ፣ አንድ ጊዜ ካዘናጋሃቸው እንጀራው አይን አያወጣም። እኔም ወሬ ስላበዛሁ አንድ ሊጥ አበላሽቼባቸው ያውቃል፣ የተበላሸውን ራሴው በላሁት፣ ትኩስ ስለነበር ጥሩ ነበር።

ልጄን ባለፈው ቅዳሜ እዛ ወሰድኳት። እንድትስል ደብተሯን ያዘች፣ እማማን ከነማዳበሪያቸው ሳለቻቸው፣ ቡኒ እርሳስ ስላልነበራት ቅጠሉን በቢጫና በጥቁር ቀላቅላ ቀባችው፣ ስዕሉ ከነሙሉ ስህተቱ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ለአስተማሪዋ አታሳየውም፣ ነጥቤን ይቀንሱብኛል ብላ ፈርታለች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው፣ ለሚቀጥለው መስከረም ያንን ገጽ ስታወጡ የኛን ፎቶ አድርጉበት። ፎቶ አንሺ ትልካላችሁ ከሆነ ማረፊያ እኔ ጋ አለ፣ የወሎ ቡና አለ፣ ጃኬት ይዞ ይምጣ። ብቻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ዳገቱ ላይ መገኘት አለበት፣ 1 ሰዓት ከሆነ በኋላ አንድም ቅጠል አያገኝም፣ ተጠርጎ አልቋል።

አክባሪያችሁ፣
ባለሱቁ፣ ከደሴ