ከፍ ያለ ሆርሞን ሁሉ መርፌ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አትሌቶችና ስለ ዕድገት ሆርሞን ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ መስሎኝ ነበር። በአንድ አትሌት ደም ውስጥ ሆርሞኑ በዝቶ ከተገኘ አበረታች ቅመም መውሰዱ ይረጋገጣል ብላችኋል። አይረጋገጥም! ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የስንቱን ስም እንደምታጠፋ የሚያስብ ሰው ዝግጅት ክፍላችሁ ውስጥ አልነበረም?

እኔ ሯጭ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ ነበር ልምምዳችን። አንድ ቀን ድካሙ ሲብስብኝ ከልምምድ በቀጥታ፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ገብቼ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ላይ ከዕድገት ሆርሞን ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት ነበረች። ወረቀቱን ያየች ጓደኛዬ ለሌላ ነገረች። በሳምንቱ አብረውኝ የሚሮጡት ልጆች ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አሰልጣኜ ለብቻ ጠርቶኝ «እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። ምን ልንገረው? አለቀስኩ። ማልቀሴንም እንደ ማመን ቆጠሩት።

መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ይህን ሆርሞን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ናት የምታመነጨው፤ እሷም አንዴ በብዛት፣ አንዴ በጥቂቱ ነው የምትለቀው። እንቅልፍ ከፍ ያደርገዋል። ጠንካራ ሩጫም ከፍ ያደርገዋል። ታዲያ ከልምምድ የመጣች ልጅ ደም ውስጥ ቢበዛ ምኑ ይገርማል?

ለዚህ ነው መርማሪዎቹ በብዛቱ ብቻ የማይፈርዱት። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ የተጀመረው የደም ምርመራ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። እጢያችን የምታመነጨው ሆርሞን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ከበድ ይላል፣ ሌላው ቀለል ይላል። ፋብሪካ የሚሠራው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ 22 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝነው። ሰው ሲወጋው እጢዋ የራሷን ሆርሞን ማመንጨት ትቀንሳለች፣ በዓይነቶቹ መካከል ያለው ሚዛንም ይዛባል። የሚያጋልጠው እሱ ነው። ችግሩ ምልክቱ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ ሆርሞኑ ጉበትና ሌላ አካል ላይ የሚቀሰቅሳቸውን፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩ ፕሮቲኖች የሚለካ ሁለተኛ ምርመራ መጣ። በ2012 የለንደን ፓራሊምፒክ ላይ ሁለት ክብደት አንሺዎች የተያዙት በእሱ ነው።

የሚወጉ የሉም አላልኩም። አሉ፣ ይያዙም! እኔን የመሰለ በላቡ የሮጠ ሰው ላይ ከማንም በላይ የሚቀልዱት እነሱ ናቸው። ግን የኢስቶኒያውን የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ የአንድሩስ ቬርፓሉን ጉዳይ ተመልከቱ። በ2011 በዚያው የሚዛን ምርመራ ተይዞ ተቀጣ። በ2013 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን አነሳለት። ምርመራው ራሱ ይታመናል፣ ጥፋተኛ የሚያሰኘው የቁጥር ገደብ ግን በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም አለ። ስንት ባለሙያ የደከመበት ምርመራ እንኳ እንዲህ ይጠየቃል። እናንተ ግን አንድም ሯጭ ሳታናግሩ በአንድ መስመር ፈረዳችሁ።

ማስተካከያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ። የድሮ አሰልጣኜ እስከ ዛሬ ጋዜጣችሁን ይገዛል።

የቀድሞ የረጅም ርቀት ሯጭ፣ ከአዲስ አበባ