ነሐሴን ዊንድሆክ እንገናኝ

ይድረስ ለወንድሜ ታደሰ፣

እንዴት ሰነበትክ? እማማስ ደህና ናቸው? ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ሰው እንዲህ ይጠፋፋል? እኔ ደህና ነኝ፣ ያው ታሪክ ማስተማሬን አልተውኩም። በመጪው ነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የናሚቢያን ዋና ከተማ ዊንድሆክን ላያት አስቤያለሁ። አብረኸኝ እንድትሄድ ነው የምጽፍልህ።

ስድስት ኪሎ ሳለን ያመሸንበትን ክርክር መቼም አትረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ያኔ ናሚቢያን ታስተዳድር የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሱት ስለዚህች አገር ነበር። ሁለቱም የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ መክሰስ እንችላለን ብለው ቀረቡ። ክሱ እስከ 1966 ተጓተተ። በመጨረሻ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ለደቡብ አፍሪካ አደላ። ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት የላቸውም ተባለ። አንተ «ተሸንፈናል» ስትል እኔ እምቢ አልኩህ። ዛሬም እምቢ እላለሁ። ፍርዱ በተሰጠ በወሩ፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ የናሚቢያ ነፃነት ንቅናቄ የስዋፖ ታጋዮች በሰሜን ናሚቢያ ከደቡብ አፍሪካ ኃይሎች ጋር ተታኮሱ። ጥቅምት ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የአስተዳደር ሥልጣን ሰረዘ። ነፃነቱ እስከ 1990 ቢቆይም፣ ያ ክስ ባይኖር ጉዳዩ እንዲህ የዓለም ጉዳይ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም። ነሐሴ 20 ዛሬ የጀግኖች ቀናቸው ነው። የዚያን ቀን እዚያው ብንሆን እንዴት ደስ ባለኝ!

መሃል ከተማው ላይ በጀርመን ቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመረቀ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን አለ። አጠገቡ የነፃነት ሙዚየሙ ቆሟል፤ ቦታው ድሮ የጀርመን ፈረሰኛ ወታደር ሐውልት የነበረበት ነው። አሁን ከሙዚየሙ ፊት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሳም ኑጆማ ሐውልት ሕገ መንግሥቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሟል። እዚያ ጋ ጊዜ ወስደን እንድንቆም እፈልጋለሁ።

የከተማዋን ሰፈር ካቱቱራን ሳናይ ግን አንመለስም። እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻ ላይ ጥቁሮቹ ከድሮ ሰፈራችን አንነሳም ብለው ሲቃወሙ ፖሊስ ተኩሶ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ነው ሕዝቡ በግድ ወደ ካቱቱራ የተጋዘው። አሁን እዚያ ገበያ ውስጥ ካፓና ይጠበሳል። ሥጋውን እሳቱ ላይ እንዳለ በቢላ እየቆራረጡ ያቀርቡልሃል፤ አንተ ቆመህ በእጅህ እያነሳህ፣ ሚጥሚጣ በመሰለ ቅመም እየነካካህ ትበላለህ። ጥብስ ወዳጁ አንተ እዚያ ቦታ ልትቀር አይገባም።

ስለ ጉዞው፦ ቪዛውን ቀደም ብለን እንጨርስ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን እንዳትረሳ፣ ይጠይቃሉ። የደቡብ አፍሪካ ራንድ ካለህ ያዝ፣ ከነሱ ዶላር ጋር እኩል ስለሆነ ይሠራል። እኛ ጋ ዝናብ ሲያንቧቧው እዚያ ደረቅ ነው፤ ማታ ግን ይቀዘቅዛልና ወፍራም ጃኬት ያዝ።

የዓመት ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ። ትኬት የምቆርጠው ያንተን መልስ ሳገኝ ነው። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ለእማማም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ
ዳዊት