ጩኒ ሽሮዬን አሳረረችብኝ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጭቃው ነው እንጂ። ኮዬ ፈጬ ዝናብ ከጣለ ከብሎክ መውጣት ራሱ መንገድ ነው። ጎረቤቴ ፍላሽ አውሶኝ ፊልም ሳይ ሰነበትኩ። ሥራ ፈት እንዳትዪኝ፣ እሁድ እሁድ ብቻ ነው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አየሁ። አንበርብር የሚባል ሐኪም ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር እናቱ ቤት ይገባል። ፊልሙ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ታሪኩ ፊትና ኋላ ስለሚል መሃል ላይ ጠፍቶብኝ ነበር። እናትየዋ ናት የያዘችኝ። ልጇ የደረሰበትን አያወራትም፤ በቅዠት ሲባንን ግን ትሰማዋለች። ስትደውዪልኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ቶሎ የምዘጋው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«ድፍረት»ንም አየሁት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ናት። በእውነት የደረሰ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገሯን ሲያዩ አንጀቴ አረረ። ጠበቃዋ ስትመጣ ግን አንዳንዴ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። አያቴም ተጠልፋ ነው ያገባችው ይባላል፤ ስትመጪ አጫውቺኝ።

ከሁሉም አንጀቴን የበላው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። በ2007 ዓ.ም. ካን የፊልም ፌስቲቫል ድረስ የሄደው። ኤፍሬም እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ለሥራ አዲስ አበባ ይሄዳል። ያለችው ጩኒ የምትባል በግ ብቻ ናት። አጎቱ ደግሞ ለበዓል ትታረዳለች ይላል። ልጁ እርሻ አይሆንለትም፣ ወጥ ላይ ግን እጁ ወርቅ ነው። ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል፤ ከጩኒ ጋር አገሩ የሚገባበትን የመኪና እንዲያጠራቅም። አጎትየው በዚህ ይናደዳል። ያኔ አንቺ ማማሰያ ይዘሽ «ወንድ ልጅ ማድ ቤት ምን ያደርጋል!» እያልሽ ስታባርሪኝ መጣብኝ። ቂም አይደለም። ግን እማዬ፣ ትንሽ ብታስተምሪኝ ምን ነበረበት?

ይኸው ልጁ ሳምቡሳ ሲጠቀልል ፈዝዤ ስመለከት ሽሮዬ አረረ። ድስቱን ነክሬዋለሁ፣ እስካሁን አልለቀቀም።

ማታ እደውላለሁ። ቶሎ አልዘጋም፤ ሽንኩርቱ ቁሌት እስኪሆን ድረስ መስመር ላይ ሆነሽ ትመሪኛለሽ።

ልጅሽ