ብረቱስ ተቀብቷል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ስረጭ 19 ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላ ቅብ ነው። አጥንት ውስጥ በሚገባ ብረት ላይ ስለሚደረገው።

ከሦስት ዓመት በፊት ቸርችል ጎዳና ላይ ሞተር ሳይክል ገጨኝ። የቀኝ እግሬ ቅልጥም ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጣ። የሄድኩበት ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ ብረቱን ከውጭ ግዙ አለን። ወንድሜ ሲዞር ውሎ ሁለት ዋጋ ይዞ መጣ። ረከስ ያለውን ገዛን። ልዩነታቸው ምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በሁለተኛው ወር ከስፌቱ ጫፍ ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች። ጠዋት ስነሳ አንሶላው በመግል ርሶ አገኘዋለሁ። ሽታውን ተዉት። መርፌ ተወጋሁ፣ ክኒን ዋጥኩ፤ ደረቀ ስል ተመልሶ ይከፈታል። በመጨረሻ ብረቱ ወጣ፣ አጥንቱ ታጠበ፣ ከውጭ በኩል ብሎን ያለው ሌላ ብረት ታሰረልኝ። ሰባት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ርካሹ ብረት ነው ያመገለኝ ብዬ ግን አልምልም። ቁስሉ የአስፋልት አፈር ይዞ ነው የገባው።

መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ያስረዳኝ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። «ሮቶ አጥበህ ታውቃለህ?» አለኝ። ለዓመት ያልታጠበ ሮቶ ውስጥ እጅ ሲገባ ግድግዳው ያሙለጨልጫል። ባክቴሪያም ብረቱ ላይ እንዲህ ያለ ልጋግ ሠርቶ ከሥሩ ይሸሸጋል። ባዮፊልም ይሉታል። እዚያ የተደበቀ ባክቴሪያ መድኃኒትን እስከ 1,000 እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። ብረት ደግሞ ደም ሥር የለውም፤ የሰውነት መከላከያ እንደ ልቡ አይደርስበትም።

አንቶኒ ግሪስቲና የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን በሩጫ መስሎታል። የሰውነት ሕዋስና ባክቴሪያ ብረቱን ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ ላይ ለታክሲ የተጋፋ ሰው ይህ ይገባዋል። ቀድሞ የተቀመጠን ማስነሳት አይቻልም።

ቅቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዓይነት አጥንት ቶሎ መጥቶ ብረቱን እንዲይዝ የሚጠራ ነው። ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል፤ የአጥንታችንና የጥርሳችን ዋና ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተለይ በሰው ሠራሽ ዳሌ ብረት ላይ ይረጫል። አዎ፣ ይረጫል፤ እጅግ በጋለ ነበልባል። ውፍረቱ እኛ መኪና ላይ ከምናለብሰው ቀለም ብዙም እንደማይርቅ ስሰማ ሳቄ መጣ።

ሌላው ዓይነት ባክቴሪያን የሚያባርር ነው። ብር የሚለበጥ አለ። ጄንታማይሲን የተቀባ የቅልጥም ዘንግም አለ፤ እዚህ በመርፌ የምናውቀው ያው ጄንታማይሲን። አውሮፓ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። መድኃኒቱ ከብረቱ ላይ የሚለቀቀው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሩጫው የሚለየውም ያኔ ነው።

ጣጣው ሁለቱን ማስማማት ላይ ነው። አጥንት የሚወደውን ሸካራ ገጽ ባክቴሪያም ይወደዋል። ብር ከበዛ የአጥንቱንም ሕዋስ ይገድላል። ደግሞ ዘንጉ አጥንት ውስጥ የሚገባው በመዶሻ እየተመታ ነው። ቅቡ ቢላጥስ? ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይቺ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ትከነክነኛለች።

ዝገት ላይ የተረጨ ቀለም ክረምት ሳይወጣ ይላጣል። መጀመሪያ ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ አንቲረስት ይቀባል። ክፍት ስብራትም እንደዚያው ነው። ቁስሉ በደንብ መታጠብ፣ የሞተው ሥጋ መነሳት፣ አንቲባዮቲኩም ከተቻለ በመጀመሪያው ሰዓት መሰጠት አለበት። እኔ የመጀመሪያዋን መርፌ ያገኘሁት በማግሥቱ ነው። ታዲያ ያኔ የተቀባ ብረት ቢገባልኝ ኖሮ ያድነኝ ነበር? እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ዕድሌን ያሰፋልኝ ነበር።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለመንግሥት ሆስፒታሎች ብረት የሚገዙትን ሰዎች ጠይቁልን። ዋጋ የሚያወዳድሩት በአንድ ብረት ነው ወይስ መግሎ ሲወጣ የሚመጣውንም ወጪ ያስቡታል? የእኔ ሦስት ኦፕራሲዮንና የሰባት ወር ደመወዝ በማን ሒሳብ ተመዘገበ? ሁሉም ብረት ይቀባ አልልም። ቆዳው ሳይቀደድ ለተሰበረ ሰው ተራው ብረት ይበቃው ይሆናል። አጥንቱ አስፋልት ነክቶ ለመጣ ሰው ግን ቢያንስ ምርጫው ይነገረው።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ብረቱን የገዛበት መደብር ጎራ ብዬ «የተቀባ አላችሁ?» አልኩ።

ሻጯ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ምን ዓይነት ቀለም?» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ቀለም ቀቢ፣ ከተክለሃይማኖት