የማትሄድ መኪና እንደምትሄድ ተደርጋ ለምን ትሸጣለች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ አሮጌ ፒክአፕ ገዛሁ። ማስታወቂያው «ባሉበት ሁኔታ» ይላል፣ ከነጉድለታቸው ማለት ነው፣ በዚህ ቅር አይለኝም። ግን ተጫራች ግቢ ገብቶ በዓይኑ ብቻ አይቶ እንዲወጣ፣ ሞተር እንዳያስነሳ ለምን ይከለከላል? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለ፣ እንፋሎት ወጣ፣ በቃ ቆመች። መካኒኩ ሲፈታው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተሰንጥቋል፣ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል፣ ሻንሲውም (መኪናዋን የተሸከመው ብረት) ከስር በዝገት ተበልቷል። ማሠሪያው ከመግዣው በለጠ።

በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው አሮጌውን እየተሻማ ነው፤ ስለዚህ ነገ በዚህ መንገድ የሚጎዳው ብዙ ነው።

አሁን ለመለዋወጫና ለብረት ልሸጣት ወስኛለሁ። ጎማው፣ በሮቹ፣ ካምቢዮው ገዢ አላቸው። የሚያሳስበኝ የቀረው ነው። የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ አሲድ መንገድ ዳር ሲደፋ ዝናብ ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ይከተዋል፣ ከታች ደግሞ በዚያው ውሃ መስኖ የሚያጠጣ፣ ከብት የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው።

ሻጭ መሥሪያ ቤቶች ከጨረታው በፊት በመካኒክ አስመርምረው ውጤቱን መኪናው ላይ ይለጥፉ። መንገድ ላይ መውጣት የማይገባውን «ለመለዋወጫ ብቻ» ብለው ለይተው ይሽጡ። ከተማ አስተዳደሩም መኪና የሚፈታበት፣ ዘይቱ በበርሜል የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ይስጠን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ